አንኳኪዋና የመደምደሚያው ሣጥን

የካቲት 9 ቀን፣ ማክሰኞ። የጉብኝት ሪፖርት ቁጥር አሥራ ሁለት። አምስቱ ገጾች በሰማያዊ ቀለም፣ ስርዝ ድልዝ ሳይኖርባቸው ተሞልተዋል። በስድስተኛው ገጽ ግርጌ «መደምደሚያ» የሚል ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ «እኔ ባየሁት መሠረት፣ ልጅቷ» ይልና ያበቃል። አራት ነጥብ የለውም፤ ፊርማም የለውም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ከድና፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። አልተመለሰችም።

የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም መዝገብ አያያዝ ነው። ስለዚህ እዚህ የማሰፍረውን ሁሉ ከወረቀት ጋር አስተያይቻለሁ። ወረቀት ያላገኘሁለትን የነገረኝ ማን እንደሆነ እጠቅሳለሁ። እንዲህ ማድረጌ ሐዘን ያለበት ሰው እጅ እንደሚያጋንን ስለማውቅ ነው።

አንኳኪዋ ነበር የምንላት። አንቱታ አትወድም። «አንቱ ካላችሁኝ ሰው በሩን ሳይከፍት ይሸሸኛል» ትል ስለነበር፣ እስከ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ ትልቁም ትንሹም «እትዬ፣ አንቺ» እያለ ነው ያናገራት። እኔን ደግሞ «እመት ማኅተም» ትለኝ ነበር። ምክንያት ነበራት። ጎዶሎ ወረቀት ሲደርሰኝ «ያልተሟላ» የሚል ቀይ ማኅተም መትቼ እመልሳለሁ። እዚህ በሠራሁባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት ውስጥ በዚያ ማኅተም የተመቱት የእሷ ወረቀቶች ከሌሎቹ ሠራተኞች ወረቀት ድምር ይበልጣሉ። ጉድለታቸውም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ የመደምደሚያው ሣጥን ባዶ ነው።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የተቀጠረችበት ማስታወቂያ እጄ ላይ አለ። «የጠያቂነት ሥራ። ሴት፣ መጻፍ የምትችል፣ ትዕግሥት ያላት፣ እግሯ ጤነኛ የሆነ» ይላል። የትምህርት ማስረጃ የሚል ቃል የለበትም። አብራቸው የምትኖረው ታላቅ ወንድሟ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ማስታወቂያውን ያነበቡ ዕለት ያሉትን እሷው እየሳቀች ነግራኛለች። «እግር ብቻ? በቅሎ ነው እንዴ የሚገዙት? ጥርስሽንም ሳያዩ?»

ያኔ ሥራው ሙያ አልነበረም። ደግ ሰዎች አሮጌ ልብስና ሳሙና ይልካሉ፤ ጠያቂዎቹ ቤት ለቤት ዞረው ማን ይውሰድ ማን ይቅር ይለያሉ። ቅጹ አንድ ገጽ ነው። ከታች ሁለት ቃል ታትሟል፤ «ይገባዋል» እና «አይገባውም»። ጠያቂዋ አንዱን ትሰርዛለች። በቃ።

በሁለተኛ ዓመቷ አንድ የሚያነክስ ቀለም ቀቢ ቤት ሄደች። ክፍሉ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። «ይገባዋል»ን ሰርዛ ከጎኑ «ይጠጣል» ብላ ጻፈች። መዝገቡ በዚያው ቀን ተዘጋ፤ የተዘጋበት ማኅተም አሁንም ጎልቶ ይነበባል። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያ ስታልፍ በመስኮቱ ላይ የሌላ ሰው ልብስ ተሰቅሎ አየች። ጎረቤት ጠየቀች። የት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሻይ እየጠጣን። «ሰውየው አንድ ቀን ይጠጣ፣ በየቀኑ ይጠጣ አልጠየቅኩትም። የአንድ ቀን ሽታ ይዤ ዕድሜ ልኩን ደመደምኩት» አለችኝ። ከዚያ ቅጽ በኋላ፣ እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ ባሉት ሃያ ዘጠኝ ዓመታት፣ በአንድም ወረቀት ላይ መደምደሚያ አልጻፈችም። ፈልጌያለሁ፤ የለም።

የሥራው ስም ግን እየተለወጠ ሄደ። መታወቂያዎቿን ወንድሟ በአንድ ላስቲክ አስረው አምጥተውልኛል። የመጀመሪያው «ጠያቂ» ይላል፤ ሁለተኛው «የድጋፍ ሠራተኛ»፤ ሦስተኛው «የማኅበራዊ አገልግሎት ረዳት»። የሳሙናው ቁም ሣጥን ከቢሮ ወጥቶ የመዝገብ መደርደሪያ ገባ። የሦስት ወር ሥልጠና መጣ። ምስጢር መጠበቅ፣ ማዳመጥ፣ ባለጉዳዩ ራሱ እንዲወስን መተው የሚባሉ ነገሮች በደንብ ተጽፈው በየጠረጴዛው ታደሉ። አንብባ ስትጨርስ «ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ቀለም ቀቢውን አላጠፋውም ነበር» አለች። ይህንንም የሰማሁት ከራሷ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ክፍል ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አሥራ አራት ነበሩ። ክፍላቸው ቀድሞ የአናጢ መለማመጃ ስለነበር ጠረጴዛው ሁሉ የመጋዝ ጠባሳ አለበት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም ዶክተሩ የምንላቸው፣ ለማስተማሪያ የሚሆን መዝገብ ፍለጋ ወደ እኔ መጡ። ስም አጥፍቼ አርባ መዝገብ ሰጠኋቸው። ከአርባው ሠላሳ ሦስቱ የእሷ ነበሩ።

ተማሪዎቹ ለልምምድ ወደ እሷ ይላካሉ። የምታስተምራቸው መጀመሪያ ማንኳኳት ነው። ሦስት ጊዜ፣ በጣት አንጓ፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደኋላ። እጅ የሚታይ ቦታ ይሁን። ጫማዋ ተረከዙ የሚጮህ ነበር፤ ድምፅ የሌለው ጫማ አትገዛም። «ሳይሰማ የሚገባ ድመት ነው። ሰውዬው ገና ከደረጃው ስር ይስማኝ፤ ከፈለገ ፀጉሩን ያበጥር፣ ከፈለገ ይደበቅ» ትላቸዋለች። ዶክተሩ ይህንኑ ወስደው በትምህርት መጽሔት ላይ ጻፉበት። ጽሑፉን ሳነብላት ጆሮዋን አቁማ ሰማችና «እኔ ሁለት እርምጃ ያልኩትን ሰውዬው ሁለት ገጽ አደረጉት። ግን ጎበዝ ናቸው፣ ምንም አልጨመሩበትም» አለች።

አዋጁ የወጣው ባለፈው ዓመት ነው። ከጥር 1 ቀን ጀምሮ በምዝገባ ቦርድ ያልተመዘገበ ሰው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ተብሎ ሊፈርም አይችልም። ዲግሪ ያለው በዲግሪው ይመዘገባል። ዲግሪ የሌለው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ከሠራ፣ አምስት የተሟሉ መዝገቦች አቅርቦ የቃል ፈተና ያልፋል። ማቅረቢያው እስከ ታኅሣሥ 21 ነው። አዋጁ ተገቢ ነው፤ በሰው ቤት ገብቶ በሰው ልጅ ላይ ለሚጽፍ ሰው ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል። ይህን እሷም አልካደችም። ያስጨነቃት ሌላ ነበር።

በዚያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ የምትባል ባለጉዳይ ነበረቻት። ባሏ ከሞተ በኋላ አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። የስምንት ዓመት ሴት ልጇ በሕፃናት ማቆያ ናት። እናትየው ተሽሏት ከወጣች ዓመት ሊሞላት ነው። የሕፃናት ጉዳይ ኮሚቴ ልጅቷን ለመመለስ ያስቀመጠው ግዴታ ይህ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሳምንታዊ ጉብኝት፣ ሳይቋረጥ፣ በአንድ ባለሙያ ተደርጎ ለየካቲት 16 ሪፖርቱ እንዲቀርብ። ካልቀረበ ልጅቷን ወደ ሌላ ከተማ የሚወስዳት ቤተሰብ ተገኝቷል፤ ለሁልጊዜ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ለአንድ ሰው እንጂ በር አትከፍትም።

የመጀመሪያው ጉብኝት ኅዳር 22 ነበር። ስድስቱ ከጥር በፊት ይውላሉ፤ ስድስቱ ከጥር በኋላ። አንኳኪዋ ካልተመዘገበች ሰባተኛው ጉብኝት ወረቀት ላይ አይቆጠርም። አንዱ ካልተቆጠረ ደግሞ አሥራ ሁለቱም የሉም።

ታኅሣሥ 14 ቀን አምስት መዝገቦቿን አቀረበች። ለቦርዱ ከመላካቸው በፊት መሟላታቸውን የማረጋግጠው እኔ ነኝ። አምስቱም ጋ የመደምደሚያው ሣጥን ባዶ ነው። ማኅተሙን አምስት ጊዜ መታሁት። ደንቡ ያዘዘኝን ነው ያደረግኩት፤ ዛሬም የማደርገው እሱኑ ነው።

መዝገቦቹን ታቅፋ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«እመት ማኅተም፣ ሠላሳ ዓመት የተውኩትን ሣጥን በሰባት ቀን ልሙላው?»

«እትዬ፣ ሣጥኑ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ጻፊ። 'ጉዳዩ ተጠናቋል' በይ። ሰው ሁሉ የሚጽፈው እሱን ነው።»

«ተጠናቋል? ይቺን መዝገብ ከከፈትኩ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ልጁ ዛሬ ጢም አብቅሏል። ተጠናቆ ይሁን አልቆ በምን ዐውቄ?»

«ታዲያ ምን ልትጽፊ ነው?»

«እንጃ» አለች። «ልጅቷ በእኔ ግትርነት ልትቀር ነው።»

ያደረገችውን በሦስተኛው ቀን ነው የሰማሁት። አምስቱን አድራሻ በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ገልብጣ፣ አምስቱንም ቤት ልታንኳኳ ወጣች። አንዱ ፈርሶ መጋዘን ሆኗል፤ ሰዎቹን ከሁለት ሠፈር በኋላ አገኘቻቸው። አንዲቱ አሮጊት ዓይናቸው ጠፍቶ ስለነበር በጫማዋ ድምፅ ለይተዋት «የት ከርመሽ ነው፣ አንቺ ውሸታም፣ ማክሰኞ እመጣለሁ ብለሽ!» ብለው ተቆጧት። ያ ማክሰኞ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረ ነው። አምስተኛው ሰው ሞቷል፤ መቃብሩን ከዘመዶቹ ጠይቃ ዐወቀች።

ታኅሣሥ 21 ቀን፣ ቢሮ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ መዝገቦቹን መለሰችልኝ። በአራቱ ሣጥኖች ያየችውን ጽፋ መጨረሻው ላይ «ደግሜ እጠይቃለሁ» ብላለች። በአምስተኛው «አልደረስኩበትም» ይላል። ሣጥኖቹ ባዶ አይደሉም። ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ፈተናው ታኅሣሥ 28 ቀን ነበር። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ንግግሩ እንዳለ አለኝ። ፈታኞቹ ዶክተሩ፣ ከምዝገባ ቦርድ የመጡ አንዲት ጠንካራ ሴትዮ፣ እና ሲጽፉ እንጂ ሲናገሩ ያልሰማኋቸው አንድ ሰው ናቸው።

ዶክተሩ ሊያቀሉላት ፈልገው «ለመሆኑ ለምን ሁለት እርምጃ? ለምን ሦስት አይሆንም?» አሉ።

«ሦስት ካልኩ ከደረጃው እወድቃለሁ፣ ዶክተር።»

ሳቁ። የቦርዷ ሴትዮ አልሳቁም። አምስቱን መዝገቦች ገለጡና «አራቱ 'ደግሜ እጠይቃለሁ' ነው የሚሉት። ይህ መደምደሚያ ነው?» አሉ።

«ሄጄ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ያላየሁትን መደምደም እፈራለሁ።»

«ፍርሃቱ ይገባኛል» አሉ ሴትዮዋ። «እኔም ቤት ለቤት ሠርቻለሁ። ግን ይህን ወረቀት የሚያነብ ኮሚቴ አለ። እርስዎ አይተው ካልደመደሙ፣ ያላየ ሰው ይደመድማል። መቼም መደምደሙ አይቀርም። ያ ይሻላል?»

«እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች።

ወደ ቢሮ ስንመለስ በአውቶቡሱ መስኮት እያየች መጣችና ልንወርድ ስንል «ሴትዮዋ አናደደችኝ። ግን ልክ ናት» አለችኝ።

ውጤቱ በዓመቱ መጨረሻ ሊነገር ነበር፤ የእኛ የሥራ ዓመት በታኅሣሥ ነው የሚዘጋው። አልተነገረም። ጥር 1 አለፈ። ጥር 2 አለፈ። ሰባተኛው ጉብኝት ጥር 4 ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ስልኩን እያየች እርሳስ ስትቀርጽ ትውላለች፤ ጥር 3 ቀን የቀረጸቻቸውን ቆጠርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ እርሳስ ነበር። ወንድሟ እንደነገሩኝ ቤትም እህል አልቀምስ ብላ ነበር። «የሰው በር ስታንኳኪ የራስሽን ሆድ ዘጋሽው» ቢሏት «ጋሼ፣ እባክህ ዛሬ አትቀልድ» ብላ አለቀሰች። በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስታለቅስ ያዩአት ለሁለተኛ ጊዜ ነው አሉ።

ጥር 3 ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ስልኩ ጮኸ። ተመዝግባለች። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከዚህ በኋላ የምታቀርበው ሪፖርት ሁሉ የተፈረመ መደምደሚያ ይኑረው። አራተኛው መታወቂያዋ በማግስቱ ጠዋት መጣ። «የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ» ይላል። አገላብጣ አየችውና «እንግዲህ ባለሙያ ልሁን» ብላ፣ ያንኑ ጫማዋን እያስጮኸች ወደ ልብስ ሰፊዋ ደረጃ ሄደች።

ከዚያ በኋላም ሁለታችንም ዕረፍት አላገኘንም። ዘጠነኛው ጉብኝት ጥር 18 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። አንኳኳች። የሚከፍት የለም። ደንቡ «በቤት አልተገኘችም» ተብሎ ይጻፍ ይላል፤ ያ ከተጻፈ ቆጠራው ተቋረጠ። በሩ ስር ባለው ክፍተት የእግር ጥላ ይታያት እንደነበር ሪፖርቱ ላይ አለ። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በየሰዓቱ እየተነሣች ሦስት ጊዜ ታንኳኳለች፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ትላለች፣ ትቀመጣለች። ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ የለበሰችው ከአልጋ የተነሣችበትን ነው።

«እትዬ፣ ሂጂልኝ። ዛሬ ደህና አይደለሁም። ይህን ከጻፍሽብኝ ልጄን አይሰጡኝም።»

«መቼም ልጽፍ ነው የመጣሁት፣ የኔ እህት።»

«እንግዲያው ገደልሽኝ።»

«ስሚኝ። ያለፈው ዓመት ደህና ያልሆንሽ ጊዜ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ዛሬስ?»

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ ካለበት ወለል አድርጋ ከፈተችው። የሪፖርቱ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፤ «ዛሬ ደህና አልነበረችም፤ ደህና አለመሆኗን በራሷ አንደበት ነገረችኝ፤ ሐኪሟ ዘንድ አብረን ሄደናል።»

አሥራ ሁለተኛው ጉብኝት የካቲት 9 ቀን ጠዋት ተደረገ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኮሚቴው ልጅቷ ለራሷ አልጋ እንዲኖራት አዟል። ልብስ ሰፊዋ አሮጌ የብረት አልጋ አግኝታ ቀለም ቀብታዋለች፤ አንሶላም ሰፍታለታለች። ችግሩ፣ እግሮቹን ከቋሚው ጋር የሚይዙት አራት ብሎኖች የሉትም። አልጋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

አንኳኪዋ ሰባት ሰዓት ላይ ተመልሳ ስትጽፍ ዋለች። ስምንት ተኩል ካለፈ በኋላ ሣጥኑ ጋ ደረሰች። ጥቂት ጽፋ አቆመች።

«ምነው?» አልኳት።

«አልጋው ግድግዳ ላይ ተደግፎ እያየሁት እንዴት ልደምድም?»

«ነገ ብሎኑ ይገዛል ብለሽ ጻፊ። የቀረሽ ፊርማ ነው። ለአምላክ ብለሽ፣ እትዬ፣ ፈርሚና ስጪኝ፤ ልቤን አትስቀይው።»

«እመት ማኅተም!» ብላ ሳቀችብኝ። «አንቺ ነሽ ዛሬ ያልተሟላ የምትለምኚ? ሳላይ አልፈርምም። መጣሁ።»

ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ነበር።

ሲመሽ የደወሉልኝ ወንድሟ ናቸው። በመልሱ አውቶቡስ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ልቧ ቆሟል። ሹፌሩ የተኛች መስሎት እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወስዷታል። ወንድሟ «እኔም ብሆን አልቀሰቅሳትም ነበር። የደከመ ተሳፋሪ አይቀሰቀስም» አሉኝ።

ቀብሯ የካቲት 10 ሆነ። ኮሚቴው የሚቀመጠው የካቲት 16 ነው። ሐዘኑ ላይ ቆሜ የማስበው ስለዚያ ወረቀት ነበር፤ አላፍርበትም፣ እሷም የምታስበው እሱኑ ነው። ያልተፈረመ ሪፖርት ሪፖርት አይደለም። አሥራ አንዱ ተሟልቶ አሥራ ሁለተኛው ከቀረ ልጅቷ ትሄዳለች። በዚያ ላይ ልብስ ሰፊዋ በር የምትከፍትለት ሰው ሞቷል።

የካቲት 12 ቀን፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አራት ተማሪዎች አንዷ የነበረችውንና ዛሬ ከእኛው ጋር የምትሠራውን ባለሙያ ይዤ ሄድኩ። ጫማዋ ድምፅ የለውም፤ ከደረጃው ስር ጀምራ እግሯን እያስመታች ወጣች። አንኳኳች፣ ሦስት ጊዜ። ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለች። እኔ ከታች ካለው መታጠፊያ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ቆየ። በጣም ቆየ። ደግማ አንኳኳች።

በሩ ትንሽ ተከፈተ።

«እሷስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ባለሙያዋ ነገረቻት። አለሳልሳ አልነገረቻትም፣ አላስረዘመችም። ልብስ ሰፊዋ የበሩን እጀታ እንደያዘች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ባለሙያዋም አጠገቧ ተቀመጠች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ግቡ። አልጋውን እዩት» የሚል ሰማሁ። አልጋው ቆሟል። ማክሰኞ ከሰዓት የሆነውን ያኔ ነው የነገረችን፤ ብሎኑን የሸጠውን ብረት ሠሪም በመመለሻችን ጠየቅነው፤ ሰዓቱ ከሰዓቱ ገጠመ።

የካቲት 16 መዝገቡን ራሴ ይዤ ቀረብኩ። አንኳኪዋ በጻፈችበት ሣጥን አንድ ፊደል አልጨመርኩበትም። ከኋላው የባለሙያዋን የማረጋገጫ ሪፖርት፣ የእኔን መግለጫ፣ የብረት ሠሪውን ቃል አያይዣለሁ።

ሰብሳቢው መጨረሻውን ገጽ አይተው ቀና አሉ። «እርስዎን ዐውቅዎታለሁ። ነጥብ የጎደለው ወረቀት የሚመልሱ ሰው ነዎት። ይህ አልተሟላም፤ ማኅተምዎ የታለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ለምን አልመቱበትም?»

«የጎደለው ፊርማ ነው፤ ጉብኝቱ አልጎደለም። ስታቆም ያልተሟላው አልጋው ነበር። እሱን አሟልታ ሞተች። የቀረውን ያዩት ሰዎች ጽፈዋል።»

ለአንድ ሰዓት ተከራከሩ። እኔ ደጅ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ውሳኔው ሦስት ለሁለት ነው። ልጅቷ ለስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ወደ እናቷ እንድትመለስ፤ ባለሙያዋ በየማክሰኞው እንድትጠይቅ። ስድስቱ ወር ገና አላለቀም፤ ስለዚህ እኔም አልደመድምም።

ወንድሟ ቦርሳዋን ያመጡልኝ በዚያው ሳምንት ነው። በውስጡ መታወቂያ፣ የዓይን መነጽር፣ ጫፉ ቀለም የነካው አንድ እርሳስና አንድ ብሎን ነበር። «ይሄ የምን ነው?» አሉኝ ብሎኑን እያገላበጡ። ነገርኳቸው። በኤንቬሎፕ አድርጌ ከመዝገቡ ጋር አያይዤዋለሁ።

የካቲት 9 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ ከብረት ሠሪው ሱቅ ደረሰች። እርሳሱን አወጣች። ጠዋት የአልጋው ቀዳዳ ውስጥ ከታ ለክታበት ነበር፤ አረንጓዴ ቀለም እስከነካው ድረስ ያለው የቀዳዳው ጥልቀት ነው። «ይህን የሚያህል አራት» አለችው።

«እትዬ፣ አምስት ውሰጂ። አንዱ መጥፋቱ አይቀርም።»

«ምን ያለህ ሟርተኛ ነህ! በል አምስት አድርገው።»

ዘጠኝ ተኩል ላይ ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን ከደረጃው ስር ሰማች። ፀጉሯን አበጠረች። ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ስትከፍት አንኳኪዋ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብላ፣ በሁለት እጇ ብሎኖቹን አሳየቻት። አንዷ ቋሚውን ያዘች፣ አንዷ አጠበቀች። አራቱ ሲያልቁ አንሶላውን አነጠፉ። አንኳኪዋ የአልጋውን ራስጌ በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ወደ እግርጌው ዞራም ነቀነቀችው። አልተንቀሳቀሰም።

«ይኸው» አለች፤ ቦርሳዋን አንግታ ደረጃውን ወረደች።